ሙቀት እንዳይነካው ብዬ

እኔ ጸሐፊ አይደለሁም። የምናገረው እኔ፣ የምትጽፈው ልጄ ሃያት ናት። «እማ፣ ይሄስ ይቅር» ስትለኝ «ጻፊ ብዬሻለሁ፣ ጻፊ» እያልኳት ነው ያለቀው። ዘይነብ እባላለሁ። ከወሎ የመጣሁት ገና ልጅ ሳለሁ ነው፤ አዋሽ ላይ፣ የጂቡቲ መኪኖች በሚቆሙበት መንገድ ዳር ቁርስ ቤት አለኝ። ሾፌሮቹ «ማዘር» ይሉኛል። ፉሌን የበላ ሁሉ ያውቀኛል፣ ምላሴንም እንደዚያው።

ስኳር በሽታ ሊገድለኝ ነበር። ቀጥሎ ደግሞ መድኃኒቱ ሊገድለኝ ነበር። ሁለቱም ከአንድ ስህተት እንደመጡ የሰማሁ ቀን ክው ብዬ ቀረሁ። ቤታችሁ በመርፌ የሚወሰድ መድኃኒት ያላችሁ ሰዎች፣ መድኃኒት የምትሰጡ ነርሶችም፣ ታሪኬን ስሙልኝና ስትጨርሱ ተነስታችሁ መድኃኒቱ የተቀመጠበትን ቦታ እዩ።

ነገሩ የጀመረው በውሃ ጥም ነው። አዋሽ ላይ ውሃ ጠማኝ ብላችሁ ለማን ትነግራላችሁ? ያልጠማው ማን አለ? እኔ ግን ጆጉን አንስቼ እስከ ታች ጨልጬ፣ ዞር ከማለቴ ምላሴ ላንቃዬ ላይ ይጣበቅ ነበር። ሽንት ቤት መመላለሱማ ሌላ ጣጣ ነው። ባለቤቴ ሰይድ «የጠጣሽው መውጣቱ ይቀራል?» አለኝ፤ እኔም እውነቱን ነው ብዬ ተውኩት። ሰይድ ጎሚስታ ነው፤ ከቁርስ ቤቱ አጠገብ የመኪና ጎማ ይሠራል። የሰው ሕመምም እንደ ጎማ ቀዳዳው ተፈልጎ፣ ተለጥፎ፣ ተነፍቶ የሚሄድ ይመስለዋል።

ከዚያ መክሳት መጣ። ቀሚሴ ሰፋኝ፤ ቀለበቴ ወልቆ ሊጥ ውስጥ ገባ። አንዱ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ደሜን አይተው ታይፎይድ ነው አሉኝ። መድኃኒቱን ጨረስኩ፣ ባሰብኝ። ሌላው ጋ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው ተባልኩ። ሌላው ደግሞ ጨጓራ ነው ብሎ ቃሪያ ከልክሎ ሰደደኝ። በየአግዳሚ ወንበሩ ተራ ስጠብቅ ዋልኩ እንጂ ጣቴን ወግቶ ስኳሬን የለካ አልነበረም። የነገረኝ ሾፌር ነው። አንድ የቆየ ደንበኛዬ የምጠጣውን ውሃ ሲያይ ቆየና «ማዘር፣ እኔንም እንዲህ ነበር ያደረገኝ፤ ስኳርሽን ተለኪ» አለኝ።

የለካችኝ ሲስተር ብርቄ ናት። ስሙን በማልጠራው አንድ ክሊኒክ የምትሠራ ነርስ ናት፤ ቆፍጣና፣ ሰው የምትወድ፣ ስትቆጣ ግን መድረሻ የምታሳጣ። መለኪያውን አይታ «አንቺ ሴትዮ፣ በእግርሽ ነው የመጣሽው?» አለችኝ። ኢንሱሊን ጀመርኩ። ኢንሱሊን ማለት ሰውነታችን ራሱ ማዘጋጀት ሲያቅተው በመርፌ የሚሰጥ፣ በደም ውስጥ የተከማቸውን ስኳር ወደ ሰውነት የሚያስገባ መድኃኒት ነው። መጀመሪያ ላይ ጠዋት ጠዋት እሷው ጋ እየሄድኩ፣ ከክሊኒኩ ፍሪጅ እያወጣች ሃያ፣ ሃያ ዩኒት እየለካች ትወጋኝ ነበር። ነፍስ ዘራሁ። ጥሙ ሄደ፣ እንቅልፌ ተመለሰ፣ ከደንበኞቼ ጋር መጣላት ጀመርኩ፤ ሰይድ «አሁን ድነሻል» አለኝ።

ከዚያ አወጋጉን አስተማረችኝና የራሴን ብልቃጥ ሰጥታ ወደ ቤቴ ሰደደችኝ። የመጨረሻ ቃሏ ይህ ነበር፦ «ሙቀት ጠላቱ ነው፣ ዘይነብ። አዋሽ ነው ያለሽው። አደራ፣ ሙቀት እንዳይነካው።»

አደራ ከተባልኩ እኔ እንዴት እንደምጠብቅ የሚያውቀኝ ያውቃል። ቁርስ ቤቴ ውስጥ ሁለት ማቀዝቀዣ አለ። አንዱ የለስላሳ ፍሪጅ ነው፤ ሾፌር ሁሉ ሲከፍተው ሲዘጋው ስለሚውል ቀን ላይ ጠርሙሱ ለብ ይላል። ሌላው ዲፕ ፍሪዘር ነው፤ የታሸገ ውሃ አስተኝቼ ድንጋይ እስኪሆን አቀዘቅዝበታለሁ፤ ሾፌሮቹ በረዶውን ይዘው እስከ ሚሌ እየቀለጠ እየጠጡት ይሄዳሉ። እናንተ ብትሆኑ የቱ ውስጥ ታስቀምጡ ነበር? አስፋልቱ ጫማ በሚያቀልጥበት አገር ከበረዶ የበለጠ ምን አስተማማኝ ነገር አለ? በንጹሕ ላስቲክ ጠቅልዬ ከውሃዎቹ ሥር ቀበርኩት። ጠዋት አወጣዋለሁ፣ በመዳፌ ይዤ አሟሟዋለሁ፣ እወጋለሁ፣ ወዲያው መልሼ በረዶ ውስጥ።

ይህም አልበቃኝም። ከጀርባችን ጋሽ ተሰማ የሚባሉ የባቡር ጡረተኛ ይኖራሉ፤ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ስኳር ከእኔ በፊት ነው የያዛቸው። ፍሪጅ ስለሌላቸው ብልቃጣቸውን እርጥብ አሸዋ በሞላ ማሰሮ ውስጥ፣ አልጋቸው ሥር ያስቀምጡ ነበር። ያን ሳይ አንጀቴ አልቻለም። «ጋሼ፣ በዚህ ሙቀት መድኃኒት በአሸዋ ይጠበቃል? እኔ ጋ ይቀመጥ» ብዬ ወሰድኩት። «ተባረኪ ልጄ» አሉኝ። እኔም ለአኺራዬ ስንቅ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ጠዋት ጠዋት ይመጣሉ፣ የእሳቸውን አሙቄ እሰጣቸዋለሁ፣ ጎን ለጎን ቁጭ ብለን እንወጋለን። ከዚያ እሳቸው ወደ ድሮው ባቡር ጣቢያ ሄደው ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ።

ጥሙ ተመለሰ። ሲስተር ብርቄ ጋ ስቀርብ ስኳሬ አሻቅቧል። «ምን በላሽ?» አለችኝ። እንደነገርሽኝ ነው የበላሁት አልኳት። ሃያውን ሠላሳ አደረገችው። በሚቀጥለው ደግሞ አሻቀበ፤ ጨመረች። እንዲህ እንዲህ እያለ ስልሳ ደረሰ። አንድ ቀን መለኪያውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችና በሰው ፊት «እኔ ስወጋሽ ወርዶ ነበር። ቤትሽ ስትገቢ የሚወጣው ለምንድን ነው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ስንት ስኳር ነው የምትጠጪው?» አለችኝ። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ አየኝ። መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። ሻይ የምትሸጥ ሴት፣ ቀኑን ሙሉ ስኳር በማንኪያ የምትሰፍር ሴት፣ አልላስኩም ብትል ማን ያምናል?

ሰይድም አላመነኝም። የስኳሩን ጣሳ ወስዶ መፍቻና ካውያ በሚያስቀምጥበት የብረት ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። ሻይ ለማፍላት ከባሌ ስኳር እያስለካሁ መሥራት ጀመርኩ። የጠጣሁበትን ብርጭቆ አንስቶ ሲያሸት ያዝኩት። «ሰይድ፣ ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ ብርጭቆ ታሸትብኛለህ?» አልኩት። «ሞተሽ ከማልቀስ ይሻላል» አለኝ። ሃያት ሰመራ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው የምትሠራው፤ በየቀኑ ትደውልና «እማ፣ እባክሽ ለእኔ ስትይ ተይ» ትለኛለች። ምኑን ነው የምተወው? አንዳንዴ ራሴን እጠረጥር ነበር። በእንቅልፍ ልቤ ተነስቼ እበላ ይሆን እያልኩ፣ ስነቃ ከንፈሬን በምላሴ እቀምስ ነበር።

አንድ ነገር አይቼ ነበር። ብልቃጡ ውስጥ ያለው፣ ሲስተር ብርቄ ጋ እንደ ወተት የነበረው፣ እኔ ጋ ግን እንደ ቋጠረ ወተት ቅንጥብጣቢ ነበረበት፤ ነጫጭ ፍርፋሪ ብልቃጡ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። በደንብ አልተቀላቀለም ብዬ እንጠው ነበር። ብልቃጡን ክሊኒክ ወስጄ አላሳየሁም፤ እንዴት አድርጌ? በመንገድ ሙቀት ሊነካው ነው።

ጋሽ ተሰማም እየባሰባቸው ሄደ። የግራ እግራቸው አውራ ጣት ጠቁሮ አዳማ ተወስደው ተቆረጠ። እሳቸውንም «አመጋገብዎን አላስተካከሉም» ብለዋቸው ነው የመለሷቸው። «አልበላሁም ብል ማን ሊሰማኝ» አሉኝ። በዚያ ሰሞን እኔም የፈላ ዘይት እግሬ ላይ ተፈናጥቆ ያቃጠለኝ ቦታ አልሽር አለ። መግል ያዘ። የጋሽ ተሰማን እግር እያየሁ የራሴን እጠቀልላለሁ። ሃያት መጥታ ፋሻውን ስትፈታው አለቀሰች፤ በማግስቱ ጨቅጭቃ ሰመራ ወሰደችኝ። መድኃኒቴንም ሙቀት እንዳይነካው በረዶ በሞላ ፔርሙዝ ውስጥ ከትታ ያዘችልኝ። የእናቷ ልጅ አይደለች?

ሰመራ አልጋ ያለው አንድ የግል ክሊኒክ ገባን። መቀመጫው ሁሉ ሞልቷል። አንዲት ከገጠር የመጣች የአፋር ሴት እግሬን አየችና ሳትናገር ተነስታ ቦታዋን ለቀቀችልኝ፤ እሷ መሬት ተቀምጣ ልጇን እያራገበች፣ በዚያው ካርቶን እኔንም ታራግበኝ ነበር። ቋንቋ የለንም። እጇን ይዤ «አላህ ይስጥሽ» አልኳት፤ አሚን ስትለኝ ገባኝ። ሐኪሙ ስኳሬንም እግሬንም አይቶ ተኚ አለኝ፤ ለቁስሉ መድኃኒት በግሉኮስ መስመር ጀመሩልኝ፤ ኢንሱሊኑን ከአዋሽ በያዝኩት ወረቀት መሠረት ይቀጥል ብሎ አዘዘ።

ጠዋት የሚወጋኝ ነርስ መጣ። ሁመድ ይባላል፤ አፋር ነው፤ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር። «ዶክተር» ስለው «ነርስ ነኝ፣ እናቴ» አለኝ። ስሜን ጠየቀ፣ የብልቃጡን ስም አነበበ፣ መጠኑን ከትእዛዙ ጋር አየ። «ስልሳ ነው የምትወስጂው?» አለኝ።

«ስልሳ» አልኩት፣ ኮራ ብዬ። የሕመሜን ትልቅነት የምናገርበት ቁጥር ነበረ።

ትንሽ አመነታ። ወጥቶ ሐኪሙን ጠይቆ ተመለሰና ወጋኝ። ከእነሱ ፍሪጅ በወጣው፣ ወተት በመሰለው ኢንሱሊን።

ከምሳ በፊት ላብ አጠመቀኝ። ሰመራ ነው፣ ያልባል ብዬ ተውኩት። ቀጥሎ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ልቤ ደረቴን ደበደበው፣ ሃያት ሁለት ሆና ታየችኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን የማውቀው ሃያት ስትነግረኝ ነው። ፉሉ አረረ፣ እሳቱን ቀንሱ እያልኩ ነርሶቹን አዝዛቸው ነበር አሉ። ሰይድ የት ሄደ ስባል፣ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል አልኩ። ሰውነቴ ተዘረጋ፣ ዓይኔ ተገለበጠ። ሃያት «እናቴ ሞተች» ብላ ኮሪደሩን በጩኸት አናጋችው።

ስነቃ ሁመድ ክንዴን ይዞ ቆሟል። በመርፌ ስኳር ነው የሰጡኝ፣ ግሉኮስ፣ በደም ሥሬ። ፊቱ አመድ መስሏል። «አብሽሪ፣ እናቴ፤ ስኳርሽ ወርዶ ነው» አለኝ።

«ምን ሆኖ?»

«ስኳር አነሰሽ። በጣም አነሰሽ።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። እኔ? በስኳር ሌብነት አዋሽ ላይ ስሜ የጠፋው፣ ባሌ ብርጭቆ የሚያሸትብኝ ሴትዮ፣ ስኳር አነሰኝ? ልስቅ ፈለግኩ፣ የመጣው ግን ለቅሶ ነው።

ሁመድ አልሄደም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ይህን ያህል መጠን ቤትሽ ስትወጊ እንዲህ አድርጎሽ ያውቃል?» አለኝ። በጭራሽ አልኩት። ምሳ ዘልዬ እንደሆነ፣ ሌላ መድኃኒት ወስጄ እንደሆነ፣ የት ቦታ ላይ እንደምወጋ፣ ሁሉን ጠየቀኝ። ሁሉም ደህና ነው። ግንባሩን እያሸ «ያው መድኃኒት፣ ያው መጠን፣ ያቺው ሴትዮ» አለ ለራሱ። ከዚያ ድንገት «ቤት የምትወጊውን ይዘሻል?» አለ።

ሃያት ፔርሙዙን ከፈተችለት። ብልቃጡን አውጥቶ በሁለት መዳፉ ቀስ አድርጎ አሸው፣ ወደ መስኮቱ ይዞት ሄደና በብርሃን አየው። ረጅም ጊዜ አየው። ፍርፋሪው ብልቃጡ ላይ ተለጥፎ እኔም ከአልጋዬ ይታየኝ ነበር።

«የት ነው የምታስቀምጪው?»

«ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ። በረዶ መሃል። ሙቀት ነክቶት አያውቅም፣ ወላሂ።»

ሁመድ ዓይኑን ጨፈነ። «እናቴ፣ ኢንሱሊን ሙቀትም ይገድለዋል፣ በረዶም ይገድለዋል። አንዴ ድንጋይ ከሆነ ቢቀልጥም አይመለስም። ስትወጊ የነበረው ኃይሉ ያለቀ ነገር ነው።»

ያን ሁሉ ጠዋት፣ ያን ሁሉ መርፌ። ሲስተር ብርቄ በሰው ፊት፣ ሰይድ በብርጭቆ፣ ልጄ በስልክ፣ እኔ ራሴ በእንቅልፌ ስንፋረድ የኖርነው በሌለ ጥፋት ነው። መድኃኒቱ እንዳልሠራ ማንም ሳይጠረጥር እኔ ተጠረጠርኩ። ሃያት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግሬን አቅፋ «እማ፣ እማ» ብቻ ትላለች።

ሁመድ ከዚያ የተናገረውን ግን እስክሞት አልረሳውም። ሌላ ቢሆን በአንቺ ጥፋት ነው ብሎ ይወጣ ነበር። እሱ «የወጋሁሽ እኔ ነኝ» አለኝ። «ስንማር ትክክለኛውን ሰው፣ ትክክለኛውን መድኃኒት፣ ትክክለኛውን መጠን፣ ትክክለኛውን ሰዓት፣ ትክክለኛውን አሰጣጥ አረጋግጡ ተብለናል። ሁሉንም አረጋግጫለሁ፤ ሁሉም ትክክል ነበር፤ ልገድልሽ ነበር። ስልሳው ሲከብደኝ ሐኪሙን ጠየቅኩ እንጂ አንቺን የት ታስቀምጪዋለሽ አላልኩሽም። ይቅር በይኝ።» እንዲህ የሚል ነርስ አይቼ አላውቅም፤ «ተወው ልጄ» አልኩት።

ያን ቀን ማምሻውን ሃያት ለአባቷ ደወለች። «አባ፣ በረዶ ውስጥ ያለው መድኃኒት ሁሉ ተበላሽቷል፣ የጋሽ ተሰማንም ጣሉት» አለችው። ሰይድ መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው «እናትሽን አቅርቢልኝ» አለ፤ አቀረበችኝ፤ እሱ ግን መናገር አልቻለም። እኔም «ተኛ፣ ሰይዴ» ብዬ ዘጋሁት።

ጠዋት ሁመድ ሲመጣ ሲሪንጁ ውስጥ የያዘው ትንሽዬ ነገር ነው። «ይቺ ምን ታደርጋለች?» አልኩት። «ስልሳ የደረስሽው መድኃኒቱ ስላልሠራ ነው እንጂ ሰውነትሽ ፈልጎ አይደለም። እየለካን ከታች እንጀምራለን። ደህናውን መድኃኒት በድሮው መጠን የወሰደ ሰው ትናንት አንቺ የሆንሽውን ነው የሚሆነው» አለኝ።

ያኔ ነው ትዝ ያሉኝ። ጋሽ ተሰማ።

«ሃያት፣ ለአባትሽ ደውዪ» አልኳት። ኔትወርክ የለም። ደግማ ደወለች፣ የለም። ስልኩን ይዛ ወደ ግቢው ሮጠች፤ እኔም ግሉኮሱን የሰቀሉበትን ብረት እየጎተትኩ፣ በዚያ በቁስል እግሬ ተከተልኳት። በመጨረሻ፣ ረፋዱ ላይ፣ ሰይድ አነሳ፤ ደስ ብሎታል።

«የጋሽ ተሰማን ነገር አታስቢ» አለኝ። «ትናንት ማታ የድሮውን ጣልኩ፣ አዲስ ገዝቼ የለስላሳው ፍሪጅ ውስጥ አሳደርኩላቸው። ማለዳ ወግተው ከሄዱ ቆዩ።»

«ስንት ወጉ?»

«እንደ ድሯቸው ነዋ።»

«ሰይድ፣ የት ናቸው?»

«ባቡር ጣቢያ ነዋ፣ ምነው?»

«ስኳር ይዘህ ሩጥ። ሰይድ፣ ያን ሳጥን ክፈትና ስኳሩን ይዘህ ሩጥ፤ ሰውየው ሊሞቱ ነው።»

ምንም አልጠየቀኝም። ቁልፉ ሲንኳኳ፣ የሳጥኑ ክዳን ሲላተም፣ ከዚያ ነጠላ ጫማው መሬቱን ሲመታ እሰማ ነበር። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ። ደወልን፤ አያነሳም። ሁመድ ሮጦ መጥቶ የሲስተር ብርቄን ክሊኒክ ስልክ ሲያፈላልግ፣ እኔ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጬ «ያ ረቢ፣ በእኔ እጅ አይሁን» እያልኩ እለምን ነበር። ከአሸዋ ማሰሮው ያወጣሁት እኔ ነኝ። ደህና ቦታ የነበረውን መድኃኒት አንስቼ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የራሴ መሞት እንዲህ አላስፈራኝም።

የደወለችልን ሲስተር ብርቄ ራሷ ናት። ሰይድ ሲደርስ ጋሽ ተሰማ ከዛፉ ሥር ተቀምጠዋል፤ ሸሚዛቸው በላብ ተነክሮ፣ ከቆመ ዘመን የሆነውን ባቡር «መጣ፣ መንገዱን ልቀቁ» እያሉ ባዶ ሐዲድ ላይ ያሳያሉ። ገና መዋጥ ይችሉ ስለነበር ሰይድ ስኳሩን በሃይላንድ ውሃ በጥብጦ አጠጣቸው። በባጃጅ ክሊኒክ አደረሳቸው፤ ይህ ኢንሱሊን ቀስ ብሎ ረጅም ሰዓት ስለሚሠራ እየተለካ፣ እየበሉ፣ እዚያው ውለው እዚያው አደሩ። ሲስተር ብርቄ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ። ከዚያ «ዘይነብ፣ በሰው ፊት የተናገርኩሽን…» አለችና ድምፅዋ ተቆረጠ። እኔም «ስመጣ እንነጋገራለን» አልኳት።

እግሬ ዳነ፣ አልሐምዱሊላህ፤ ጣቶቼ ሁሉም አሉ። አሁን የምወጋው ከመጀመሪያው ሃያ ብዙም አይርቅም። አዋሽ የተመለስኩ ጊዜ ሰይድ የስኳሩን ጣሳ ካለሳጥን፣ ጠረጴዛው መሃል አስቀምጦት አገኘሁ። ክሊኒክ ስሄድ ደግሞ ሲስተር ብርቄ ወረፋ የሚጠብቁትን ስኳር ሕመምተኞች «ምን በላችሁ?» ሳይሆን «መድኃኒታችሁን የት ነው የምታኖሩት?» እያለች ስትጠይቅ ደረስኩ። አንዱ ሾፌር ጋቢና ውስጥ፣ መስታወቱ ሥር አለ። አንዷ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ አንዷ ልጆች እንዳይደርሱበት ብላ ከቆርቆሮው ሥር ማገር ላይ። ሲስተር ብርቄ በሰማች ቁጥር ፊቷ ይገረጣ ነበር። በኋላ ለብቻችን ስንሆን «ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ይባላል፤ እኔ ግን የጠረጠርኩት ሰዉን ነው» አለችኝ። ያን ስትል ቂሜ ለቀቀኝ።

እናንተም ስሙኝ። ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ ከሆነ ከበረዶው ራቅ ብሎ፣ በረዶ ሳይነካው ይቀመጥ። ፍሪጅ ከሌላችሁ የጋሽ ተሰማ እርጥብ አሸዋ ማሰሮ፣ ጥላ ቦታ ላይ፣ ከእኔ ዲፕ ፍሪዘር በስንት ጣዕሙ ይሻላል። ወተት የሚመስለው ዓይነት በመዳፍ ታሽቶ ፍርፋሪ ካሳየ አትውጉት። ለቀጠሮ ስትሄዱ ብልቃጡንም ይዛችሁ ሂዱ። የተበላሸ መድኃኒት ስትወስዱ ቆይታችሁ አዲስ ካገኛችሁ በድሮው መጠን አትቀጥሉ፤ መጀመሪያ ጠይቁ። ነርሶች ሆይ፣ ሰውን ሌባ ከማለታችሁ በፊት መድኃኒቱን አሳየኝ በሉት።

ጋሽ ተሰማን የጠየቅኳቸው አዋሽ የተመለስኩ ዕለት ነው። በራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሁሉን አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ ማሰሮው ትክክል እንደነበረ፣ ያበላሸሁባቸው እኔ እንደሆንኩ። መሬት መሬት እያዩ ሰሙኝ። ስጨርስ የግራ ጫማቸውን አውልቀው ጣት የነበረበትን ቦታ በእጃቸው ዳሰሱ።

«እንግዲያው ይህቺ ጣቴ በከንቱ ነው የሄደችው?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ» አልኳቸው። ጉልበታቸው ላይ ወድቄ አለቀስኩ፤ እሳቸው እጃቸውን ሻሼ ላይ አኖሩ።

በማግስቱ ማለዳ ቁርስ ቤቱን ስከፍት በዘንጋቸው እያነከሱ መጡ። ኪሳቸው ገብተው በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ አዲስ ብልቃጥ አወጡና ዘረጉልኝ። አልተቀበልኳቸውም።

«ጋሼ፣ እኔ ጋ? ማሰሮዎ ይሻላል።»

«ማሰሮው ደህና ነው» አሉ። «ግን ጠዋት ብቻዬን መውጋት አልወድም። በረዶ የሌለበት ቦታ አስቀምጪልኝ።»

ተቀብያቸው የለስላሳ ፍሪጁ መሃል መደርደሪያ ላይ፣ ከእኔው ብልቃጥ አጠገብ አስቀመጥኩት፤ ሰይድም መጥቶ በረዶ እንዳልነካው በእጁ ዳስሶ አየ።